ሦስቱ ነጭ ክኒኖች

ሽማግሌው ውድነህ ደረሰ ክርያት ሐይም ባለው ቤታቸው ሰኞ ጠዋት ከነብርድ ልብሳቸው ሞተው ተገኙ። ማክሰኞ ተቀበሩ። ረቡዕ የደም ምርመራው ሲመጣ ግን የልብ መድኃኒታቸው በደማቸው ውስጥ ከልክ በላይ ሆኖ ተገኘ፤ ያኔ ሃዳሳ ለባየህ ደወለችለት።

«ከአገራችሁ የመጡ የእናንተ ሰዎች ናቸው፤ መጥተህ አስተርጉምልኝ» ነበር በዕብራይስጥ ያለችው። መርምር አላለችም። ባየህ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በፖሊስ መርማሪነት ሲያገለግል ማዕረጉ ከቆመበት ፈቀቅ አላለም፤ ሥራ ያስተማራት ሃዳሳ ዛሬ አዛዡ ናት። እንደ ልማዱ ዋጥ አድርጎት ሄደ።

ለቅሶ ቤቱን ሰው ሞልቶታል። ደረጃው ላይ ግን አንዲት ወጣት ጉልበቷን አቅፋ ብቻዋን ተቀምጣለች። የሟች የልጅ ልጅ ኢንባር ናት፤ ከቀብር መልስ የቤቱን ደጃፍ አላለፈችም። ሽማግሌዎች መድኃኒታቸውን እንዳይረሱ በአማርኛ እየተናገረ የሚያስታውሰውን የስልክ አፕ የሠራችው እሷ ናት፤ ድምፁም የእሷ ነው። ውድነህ ማንበብ ስለማይችሉ ስልኩ ያላቸውን ይውጡ ነበር።

ሃዳሳ የጠረጠረችው ሁለት ሰው ነው፤ አንደኛዋ ኢንባር፥ ሁለተኛዋ ተንከባካቢያቸው ማንአለብሽ። ባየህ የክኒኑን እሽግ አንስቶ ቆጠረ። አሥራ ሰባት ቀርቷል።

«ሠላሳ ነበር» አለች ማንአለብሽ ዓይኗን እየጠረገች። «ባለፈው ሳምንት ሰኞ እኔው ነኝ የከፈትኩት። ጠዋት ጠዋት አንድ ነው። ቅዳሜ ብቻ አልመጣም።»

ባየህ ወደ ሟች ሚስት ወደ ድንቄ ዞሮ፥ «እናቴ፥ ስልካቸውን ልንካው፥ ይፈቅዱልኛል?» አለ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሲነካው የኢንባር ድምፅ ወጣ።

«አባባ፥ ነጯን ክኒን፥ ሦስት።»

ከደረጃው የታፈነ ሲቃ ተሰማ።

ባየህ ልጅቷን ይዞ ወደብ አጠገብ ወዳለው ቢሮዋ ወረደ። ሦስት ሰው የሚሠራበት ጠባብ ክፍል ነው፤ የድርጅቱ ባለቤት ጊልአድ አፑን ይሸጣል፥ ኢንባርና ኦምሪ ኮዱን ይጽፋሉ። ኦምሪ ስሜነህ የሚባል ከአገር ቤት የመጣ ሰው ልጅ ነው፥ እሱ ግን እዚሁ ተወለደ፤ ባየህን ሲያይ አንገቱን ደፋ።

«እንደማያውቅ ሰው አስረጂኝ» አላት ባየህ ኮምፒዩተሯ ፊት ተቀምጦ።

«አታውቅም እኮ» አለችው።

«ቤሰደር፥ እሺ። እንግዲያው ቀላል ነው።»

አፑ ሰውን የሚለየው በስሙና በልደት ቀኑ ነው አለችው። በመታወቂያ ቁጥር ይሁን ብላ ለምና ነበር፤ ጊልአድ ፈቃዱ ጊዜ ይፈጃል ብሎ እንቢ አለ። ስለዚህ አንድ ማስጠንቀቂያ አስገባች፤ ሁለት ሰው በስምም በልደትም ከገጠመ አፑ ይቆማል፥ ቢሮውም ይነገረዋል። ካልቆመ ግን ሁለቱን አንድ ሰው ያደርጋቸዋል፤ የኋለኛው ትእዛዝ የፊተኛውን ይሸፍናል። አሁን ያ መስመር ተቀይሯል፤ የቀየረው ሰው ተብሎ የተመዘገበውም የእሷ ስም ነው።

«እኔ አልነካሁትም» አለች። «ብነካውስ ኖሮ? ሳባን፥ አያቴን፥ የገደልኩት እኔ ብሆንስ?»

መዝገቡን ሲያስፈትሻት ሌላ ውድነህ ደረሰ ተገኙ፤ ቲራት ካርሜል የሚኖሩ። ባየህ በዚያው ቀን ሄዶ አገኛቸው። ጠዋት ጠዋት ሦስት ነጭ የስኳር ክኒን የታዘዘላቸው ሰው ናቸው። ነገሩን ሲነግራቸው፥ «ታዲያ የሞትኩት እኔ ነኝ ወይስ እሱ?» አሉት ሳይስቁ። ሐኪማቸውን እስኪያዩ ስልኩን እንዳይሰሙ አስጠንቅቋቸው መታወቂያቸውን አየ። 1940፥ ጃንዋሪ አንድ። የሟቹም ያው ነው።

ባየህ አልገረመውም። እሱም ሁለቱ ወንድሞቹም ጃንዋሪ አንድ ናቸው። ከአገር ቤት የመጡ ጊዜ የመዝገቡ ጸሐፊ መቼ ተወለደ ሲል እናቱ አጨዳ ላይ ብለው መለሱ፤ ጸሐፊው ስቆ ያንን ቀን ጻፈ። ያ ሳቅ ከባየህ ጆሮ ወጥቶ አያውቅም።

በማግስቱ ሁሉንም ለቅሶ ቤት ሰበሰባቸው። ኢንባር ተመልሳ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች፤ በሩ እንዲከፈት አደረገ።

«በማንአለብሽ ልጀምር» አለ። «ከሰኞ እስከ ሐሙስ በቀን አንድ፥ አራት። ከዓርብ እስከ እሁድ በቀን ሦስት፥ ዘጠኝ። ከሠላሳ የሚቀረው አሥራ ሰባት፤ ያገኘሁትም አሥራ ሰባት። እሷ ብታበዛባቸው ኖሮ ቅዳሜ ስለማትመጣ አሥራ ዘጠኝ በተገኘ። ቅዳሜም የሚናገረው ስልኩ ብቻ ነው።»

ማንአለብሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

«ስልኩን ያሳሳተው ለውጥ የተደረገው ሐሙስ ረፋድ ላይ ከኢንባር ኮምፒዩተር ነው። ዕለቱ የሲግድ በዓል ነበር፤ እሷ ለበዓሉ ኢየሩሳሌም ነበረች። ምስክሯ ሟቹ ናቸው፤ አብረው የተነሱት ፎቶ ስልካቸው ውስጥ ከነሰዓቱ አለ። ቢሮ የቀሩት ጊልአድና ኦምሪ። ጊልአድ ኮድ አይጽፍም።»

«ያ ብቻውን አይበቃም» አለች ሃዳሳ።

«አይበቃም። የተጻፈውን አንብቢው። ልደቱ ጃንዋሪ አንድ ከሆነ አትቁም፥ እለፈው ይላል። ሌላ ሰው ቢሆን ቀኑ ስህተት ነው ብሎ ይሰርዘው ነበር፥ ወይም ማስጠንቀቂያውን ጭራሹን ያጠፋው። ይኼኛው ግን ያንን ቀን ብቻ ለይቶ አሳለፈ። የሁላችንም መታወቂያ እንደዚያ እንደሆነ ያውቃል። እናትና አባቱ ጃንዋሪ አንድ የተባሉበት ቤት ያደገ ሰው ነው።»

ኦምሪ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

«ያን ቀን ገዢዎች አፑን ሊያዩ ይመጡ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ስሙ በገጠመ ሽማግሌ ሁሉ ላይ ይቆማል። ጊልአድ ይህ ሁሉ ሰው በአንድ ቀን ተወለደ ወይ ብሎ ሳቀ። የእኔም አባት እንደዚያ ነው ማለት አፈርኩ። ለጊዜው ላሳልፈው፥ ኋላ እመልሰዋለሁ ብዬ ክፍት ባገኘሁት በእሷ ኮምፒዩተር ጻፍኩት። ረሳሁት። ሲሞቱ ደግሞ አፌ ተያዘ።»

ጊልአድ ወለሉን አየ። ባየህ ለጥፋተኛው ያዘጋጀው የቁጣ ቃል ነበረው፤ ያንን ሳቅ ያውቀዋልና ተወው። ሃዳሳ ልጁን ይዛ ወረደች፤ በኢንባር አጠገብ ሲያልፍ አንዳቸውም ቀና አላሉም።

ባየህ እሷ ዘንድ ቆመ። «ሰማሽ አይደል? አንቺ አይደለሽም።»

«ድምፁስ?» አለችው።

ድንቄ በሩን ተደግፈው ወጡና መለሱላት።

«ልጄ፥ ሐኪሙ አንድ ብሎት ነበር። እኔም አንድ ነው አልኩት። ኢንባር ካለች ልክ ናት ብሎ ዋጠው።»

ያኔ ልጅቷ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ግቢ ቢሏትም አልገባችም። ድንቄ ጉልበታቸውን ይዘው ከጎኗ ተቀመጡ። ለቀስተኞቹም አንድ በአንድ ወጥተው ከላይና ከታች ተደረደሩ፤ የቀረው የሐዘን ቀን ደረጃው ላይ አለፈ።