ስሟ የሌለበት ጥናት

ዶክተር ወንዳፈረው ኛቴኒን መጀመሪያ ያየበትን ቀን ሲያስብ ዛሬም ፊቱ ይግላል።

በሚያስተምርበት ዩኒቨርሲቲ የክረምት ሥልጠና ነበር። ሙቀቱ የክፍሉን ቬንቲሌተር አሸንፎታል። እሱ ለሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህራን የዶክትሬት ሥራውን ሰሌዳው ላይ እየዘረገፈ፣ በራሱ ተደስቶ ሳለ፣ ከኋላ አንዲት ቀጭን ረዥም ሴት እጇን አወጣች። ጀዊ በሚባለው የስደተኞች መጠለያ ትምህርት ቤት ታስተምራለች።

«መምህር፣ ይሄ መስመር ልክ አይደለም። እነዚህ ተራ ቁጥሮች አይደሉም፤ ቀድሞ የሚባዛውና ኋላ የሚባዛው ቦታ ቢለዋወጡ ውጤቱ አንድ ነው ያለው ማነው?»

«እህቴ፣ መጀመሪያ አማርኛው ይግባሽ፤ አልጀብራው ይደርሳል!»

ክፍሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ደብተሯን ዘግታ አንገቷን ደፋች።

ከሰዓት ቢሮው ገብቶ መስመሩን ሲያየው ላብ አጠመቀው። ልክ ነበረች! አምስት ዓመት የደከመበት ቲዎረም የቆመው በዚያች መስመር ላይ ነበር።

በማግስቱ በር ላይ ጠበቃት።

«ኛቴኒ... ትናንት አዋረድኩሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ትንሽ አየችውና ፈገግ አለች። «እሺ። ግን ቲዎረሙ ይድናል። ላሳይዎት?»

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ጀዊ ይመላለስ ጀመር። ኒም ዛፍ ሥር ተቀምጠው ወረቀት ሲጨርሱ ይውላሉ። አንድ ቀን ስህተቱን የምታቃና መንገድ አገኘች፤ ሦስት መስመር ብቻ። «እርስዎ» ቀርቶ «አንተ» መጣ። ባሮ ወንዝ ዳር ሲሄዱ እጇን ያዛት፤ አልነጠቀችውም።

«እናቴ ያለችው መቲ ከተማ ነው። ላስተዋውቅሽ?»

«የኑዌር ልጅ ምራት አድርጋ ትቀበላለች?»

«እኔ የወደድኩትን አትጠላም!»

ያን ሰሞን የተስተካከለውን ጥናት ለአንድ መጽሔት ላከ። ስሟን ከስሙ ቀጥሎ ጽፎ ነበር፤ አጠፋው። የመጠለያ አስተማሪ አረመችው ይሉኛል ብሎ ፈራ። የማዕረግ ዕድገቱም ደርሶ ነበር። በኋላ እነግራታለሁ አለ። በኋላ... በኋላ... ሳይነግራት ቀረ።

ተባባሪ ፕሮፌሰር በሆነ ሳምንት ኛቴኒ ጥናቱን አትማ ቢሮው ገባች።

«እነዚህ ሦስት መስመሮች የማን ናቸው?»

«የአንቺ።»

«ታዲያ ስሜ የት አለ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«ስታዋርደኝ አታውቀኝም ነበር፤ ቻልኩት። ይሄን ግን... እየወደድከኝ ነው ያደረግከው!»

ወጥታ ሄደች። ስልክ ቢደውል አላነሳችም።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ተማሪዎቹን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። በመጨረሻ የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ ጎርደንን ለምኖ መምህራኑን ሁሉ አስሰበሰበ። ፊታቸው ቆሞ ተናገረ።

«ቲዎረሜ ስህተት ነበረበት። ያገኘችውም ያቃናችውም መምህርት ኛቴኒ ናት። እኔ... ስሟን ደበቅሁ።»

ለመጽሔቱም ጻፈ፤ ስሟ ገባ፤ ማዕረጉ ተነጠቀ። ከዚያ በኋላ ኮሪደር ላይ ሰው ሲያጋጥመው ጫማውን እያየ ነበር የሚያልፈው።

ኛቴኒ በዚያው ጥናት ጅማ ላይ የሁለተኛ ዲግሪ ዕድል አገኘች። የምትሄድ ዕለት ማለዳ መናኸሪያ ጠራችው።

«ይቅር ብዬሃለሁ። ከልቤ ነው።»

«እንግዲያ እጠብቅሻለሁ! ሁለት ዓመት ምን አላት?»

ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«እወድሃለሁ፣ ወንዴ። ግን ሚስትህ ብሆን፣ አዲስ ሐሳብ በመጣልኝ ቁጥር መጀመሪያ የምደብቀው ካንተ ነው። እንደዚያ ሆኜ መኖር አልችልም።»

እውነቷን ነበር። ሻንጣዋን አንሥቶ አውቶቡሱ ላይ ጫነላት።

«ደህና ሁኚ፣ ኛቴኒዬ።»

«ደህና ሁን። ማስተማርህን እንዳትተው።»

አውቶቡሱ ወጣ። ሁለት ሰዓት ላይ ክፍል ነበረው፤ ዓይኑን በእጅጌው አብሶ በእግሩ ወደ ዩኒቨርሲቲው አዘገመ።