የሟቹ ጀርባ

ሟቹ በጀርባው ተንጋሎ ሩዙ መሃል ወድቋል። የራስ ቅሉ ከኋላ በአካፋ ተፈርክሶ ደሙ ጭቃውን አቅልሞታል። መርማሪዋ ስትደርስ የመንደሩ ሰዎች አብሮት ይሠራ የነበረውን የተባይ መድኃኒት ረጪ ግንድ ላይ አስረው፣ ሁለት ጥርሱን አርግፈው፣ ድንጋይ ይዘው ከበውታል። ትንሽ ብትዘገይ ሁለት ሬሳ ነበር የምታነሳው።

«ምን ትመረምሪያለሽ? አካፋው የእሱ፣ የሚረጨውም ማሳ ይሄው!» አለ የሟቹ ታላቅ ወንድም።

«አካፋዬን በሁለቱ ማሳዎች መሃል ባለው ግድብ ላይ ትቼ ውሃ ልቀዳ ሄድኩ፤ ስመለስ ሞቶ አገኘሁት» አለ ረጪው ደም እየተፋ።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ የሟቹን ፀጉር በጣቷ ፈተሸች፤ ገልበጥ አድርጋም ሸሚዙን ከፊትና ከኋላ አሸተተች። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረች።

«እነዚህ ሁለት ማሳዎች ምንድን ናቸው?»

«ሙከራ ነው። ጋሼ፣ ታላቅ ወንድሙ፣ የማዶውን ማሳውን በሞተር መርጫ ከላይ የመድኃኒት ጭጋግ ያለብሰዋል። ባለቤቴ ግን መርጫውን ዝቅ አስደርጎ ተባዩ ያለበትን የሩዙን አገዳ ሥር ብቻ ያስነካል። ላይ ያሉት ሸረሪቶች ይተርፉና የቀረውን ተባይ ይለቅሙለታል። የጋሼ ማሳ ላይ ሸረሪቱ እያለቀ ተባዩ ባሰበት፤ ዛሬም ደግሞ ሲረጭ ነበር። ከሰዓት ገበሬው ተሰብስቦ የማን ዘዴ እንደሚሻል ሊፈርድ ነበር...» እንባዋ አላስጨረሳትም።

«እርስዎስ የት ነበሩ?» አለች ወደ ታላቅ ወንድሙ ዞራ።

«ሞተሬን ተሸክሜ ማሳዬ ውስጥ! ለማንም አልሰጠሁም። ድምፁ ለአፍታ እንዳልተቋረጠ ሰፈሩ ይመስክር!»

«እውነት ነው፣ ሰምተናል» አሉ ሰዎቹ።

መርማሪዋ ሁሉንም ግድቡ ላይ ሰበሰበች።

«እዚህ ሸረሪቶቹ ድራቸው ላይ ናቸው፤ እዩዋቸው። የሟቹ ፀጉር ውስጥ ግን የሞቱ ሸረሪቶች ሞልተዋል። ስለዚህ የተገደለው ማዶ ነው። ደረቱ ጭቃ እንጂ መድኃኒት አልነካውም፤ ጀርባው ግን ርሶ ይሸታል። ተንጋሎ የተኛን ሰው ጀርባውን ማን ይረጨዋል? በአፍጢሙ ተደፍቶ ሳለ ነው ጭጋጉ የወረደበት። ሞተሩን ደግሞ ለማንም አልሰጠሁም ብለውኛል። ድምፁ እንዲመሰክርልዎ ሳያጠፉ በረጪው አካፋ መቱት፤ ሞተሩን ግድቡ ላይ እየሠራ ትተው ሬሳውን ወደዚህ ጎተቱ።»

«ሸረሪት ሊመሰክርብኝ?» ብሎ ሳቀ ታላቅዬው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል አልሰሙም?»

ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «እኔ ነኝ ያሳደግኩት» አለ። «በእጄ ያጎረስኩት ልጅ አገር ፊት ሊያዋርደኝ!»

ሚስትየው ጮኸች። ሕዝቡ ያንኑ ድንጋይ እንደያዘ ወደ ታላቅዬው ዞረ። ገና ገመዱ የተፈታለት ረጪ እየተንገዳገደ መሃል ገባ።

«ተዉ!» አለ ባበጠ አፉ። «ለእኔ ያነሳችሁትን ድንጋይ መጀመሪያ አስቀምጡት።»