የቆመው ካርት

«አንቺ እዚያ አልነበርሽም፤ ገባሽ?» አለ ዘውዱ፣ የአለቃውን ቢሮ በር ከማንኳኳቱ በፊት።

ሩቲ አባቷን ዞራ አየችው። እዚያማ ነበረች። ቅዳሜ ዴንቨር ባለው ኮሌጅ ከምትማርበት የሒሳብ ፕሮግራም ስትወጣ፣ አባቷ የኮሌጁን ቆሻሻ በሚሰበስብበት ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና፣ ካርት ላይ አሳፍሯት ነበር። ሰው መጫን ክልክል መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። እግረኛው፣ ብስክሌቱና ስኬትቦርዱ በሚጋፉበት መንገድ እየተንቀረፈፉ ሲሄዱ፣ አንድ ተማሪ ጆሮውን በማዳመጫ ደፍኖ ቁልቁለቱን ባለጎማ ስኬትቦርዱ ላይ ቆሞ ሲወረወር መጣ። አባቷ ካርቱን ቀጥ አድርጎ አቆመ። ልጁ ከቆመው ካርት ጋር ተላትሞ እጁ ተሰበረ።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ምንኛ ጥሩ ነበር። ዘውዱ ግን ወግ የሚያውቅ ሰው ነውና፣ በማግስቱ ብርቱካን ገዝቶ ሆስፒታል ሄደና ልጁን ይቅርታ ጠየቀው። የልጁ እናት የአገሩ ሰው ብትሆን «እግዜር ያመጣው ነው» ብላ ወንበር ታቀርብለት ነበር። ይቺኛዋ እናት ለኮሌጁ ደውላ «ሰውዬው ራሱ ጥፋቱን አመነ» አለች።

«አባዬ፣ ያንተ ፎልት አልነበረም እኮ። ለምን አፖሎጃይዝ አደረግክ?»

«የሰው ልጅ ተሰብሮ ተኝቶ፣ ጥፋቱ የማን ነው ይባላል?»

የዘውዱ አለቃ አስገባቻቸው። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ይሄ ደግሞ የባሰ ነው። ጥፋቱን ማመኑን የሚገልጽ የስንብት ወረቀት ወደ ዘውዱ ገፋ አድርጋ ሥራው ዛሬ እንደሚያበቃ፣ ከላይ የመጣው ውሳኔም እንደማይለወጥ ነገረችው። ምስክር ካለ ግን ሰው ገጭቷል የሚለው ከፋይሉ ይወጣል። ካልወጣ ሌላ ቦታ ሾፌር አድርጎ የሚቀጥረው አይገኝም።

ሩቲ ቀና አለች። አባቷ በአማርኛ «ተይው ልጄ» አለ፣ ወለሉን እያየ። «ካርት ላይ ነበርኩ ካልሽ አንቺንም ከፕሮግራሙ ያስወጡሻል። እኔ እንደሆንኩ ያው ተባርሬያለሁ።»

እውነቱን ነው። ብትናገርም ባትናገርም ነገ አባቷ ኦሮራ ባለው ቤታቸው ተቀምጦ ነው የሚውለው። ሩቲ አልቅሺ አልቅሺ አላት። ፕሮግራሙን ትወደው ነበር፤ ለመግባት ሁለት ዓመት ለፍታለች። አባቷ እስክሪብቶውን አንስቶ ሊፈርም ጎንበስ አለ። ያልሠራውን ጥፋት ሊፈርም ነው።

እጁን ያዝ አደረገችው።

«ሌላ ወረቀት ይኖርሻል?» አለች አለቃዋን። ሴትየዋ ሰጠቻት። ሩቲ ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ ከዚያም ቅዳሜ ካርቱ ላይ የት ተቀምጣ እንደነበር ጻፈች።