ሦስተኛው ኪስ

ፊሽካ ቁልፉን ደግማ ተጫነችው። ምንም። የጆሮ ማዳመጫውን ነቅላ መልሳ ሰካችው። ድምፁን እስከ ጥግ ከፈተችው። ሳጥኗን እንደ ታመመ ሕፃን ከፍ አድርጋ ወዘወዘቻት። ሦስተኛው ኪስ ጭጭ።

«አይ፣ አይ፣ አይ፣» አለች። «በናትሽ እንዲህ አታድርጊኝ።»

ሳጥኗ ግሩቭቦክስ የምትባል የትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ክበብ ሙዚቃ መሥሪያ ናት፤ ልጆቹ ቅዳሜና እሑድ ተራ እየጠበቁ ቤታቸው ይወስዷታል፤ የዚህ ሳምንት ተረኛ ፊሽካ ናት። ከደብተር ብዙም አትበልጥም፤ ግን ሲንተሳይዘሩም ከበሮውም ሆዷ ውስጥ ነው። ፊቷ ላይ አስራ ስድስት ቁልፎች ተደርድረዋል። መብራቷ ከግራ ወደ ቀኝ ትሮጣለች፤ የተጫንሽው ቁልፍ ላይ ስትደርስ ድምፅ ታወጣለች፤ ጥግ ስትደርስ እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች። የሠራሽውን የምታስቀምጪበት ቦታም አላት። የክበቡ ልጆች «ኪስ» ይሉታል። ሰባተኛው ኪስ የፊሽካ ነው፤ ሦስተኛው የጉንዳን።

ጉንዳን የፊሽካ የልብ ጓደኛ ናት። ጉንዳን የተባለችው አንድም ቁመቷ ስለሚያጥር፣ አንድም ከራሷ የሚበልጥ ሸክም ተሸክማ ሳታማርር ስለምትጓዝ ነው። ፊሽካ ለምን ፊሽካ እንደተባለች ደግሞ ሁለት ደቂቃ አጠገቧ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል።

የክበቡ ልጆች ሳጥኗን ሲያገኙ ዱም ታ፣ ዱም ታ ብለው ይጠግቡ ነበር። ፊሽካም እንደዚያው። ጉንዳን ግን ሁለት ወር ሙሉ አቀርቅራ ስትቆፍር ቆየች። ከበሮው አስራ ስድስት እርምጃ ሲሄድ ዜማው አስራ ሁለት ብቻ እንዲሄድ አደረገችው። ሁለቱ አብረው ይነሣሉ፣ ይጠፋፋሉ፣ ጨርሰው የተቆራረጡ ሲመስሉ መልሰው ይገናኛሉ። ደግሞ አንድ ቁልፍ ጫን አድርጋ ይዛ ማዞሪያውን ስትጠመዝዝ ያቺ አንዲት ድምፅ ብቻ ትለወጣለች። በዚህ ዘዴ ከአንድ ከበሮ ደወልም፣ ሳልም፣ ዘይት ያጣ በርም አወጣች። ፊሽካ ያን የሰማች ቀን ክንዷ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ። ቀጥሎ የመጣው ስሜት ቅናት ነበር።

አርብ የወላጆች ቀን ነው። ከክበቡ የሚጫወተው አንድ ሰው ብቻ ሲሆን፣ የክበቡ ቲቸር ሰኞ ሰምተው ይመርጣሉ። የፊሽካ ዕቅድ ቀላል ነበር። የጉንዳንን ሥራ ከሦስት ወደ ሰባት ኮፒ ታደርጋለች፤ ሁለት ሦስት ድምፅ ትቀይራለች፤ ትንሽ ታፈጥነዋለች። «ተመሳሰለ» ቢባል፣ አብረን አይደል የምንውለው?

ኮፒ ሲደረግ መጀመሪያ የሚቀዳው ኪስ ነው የሚጫነው፣ ቀጥሎ የሚቀመጥበት። ፊሽካ ግን ልቧ የራሷ ኪስ ላይ ስለነበር ሰባትን አስቀደመች፣ ሦስትን አስከተለች። የራሷን ኪስ ያን ቅዳሜ ጠዋት አራግፋ ባዶ አድርጋው ነበር። ሳጥኗም እንደ ታዘዘችው ባዶውን አንሥታ የጉንዳን ሥራ ላይ ደፋችው፤ ከዚያ በትሕትና «ሴቭ ላድርግ?» ስትል ጠየቀች።

ልክ በዚያች ሰዓት እናቷ ከፊት ለፊቱ ክፍል፣ ከፀጉር ቤቷ፣ ተጣራች። «አንቺ! ፎጣ አምጪ አላልኩሽም? ሰው ውሃ እየተንጠባጠበ ነው!»

«መጣሁ!» አለች ፊሽካ፣ «አዎ»ን ተጭና።

ይኸው ነው። ሁለት ወር፣ በአንድ ጣት።

ከሰዓት በሙሉ ሳጥኗ ላይ ተደፍታ የጠፋውን ከራሷ ውስጥ ልትለቅመው ሞከረች። አስራ ስድስቱንና አስራ ሁለቱን አስታወሰች። ደወሏን አገኘቻት፤ በሩ ግን በር አልመስል አለ፣ ሳሉም ሳቅ ሆነ። በመጨረሻ የወጣው ነገር የጉንዳን ሥራ ጥላ ነበር። ሦስተኛው ኪስ ውስጥ ብትከተው ጉንዳን በአንዴ ትነቃለች፤ ስለዚህ ሰባተኛው ውስጥ ከተተችው። ስልኳን ሦስቴ አንሥታ ሦስቴ አስቀመጠች። ምን ብላ ትጀምር? «ኪስሽ ስገባ ቀደድኩት»?

ሰኞ ክበቡ ሲሰበሰብ ጉንዳን ፀጉሯን ተሠርታ መጥታለች። ቲቸር ወንበር አዙረው ተቀመጡ።

«በይ ጉንዳን፣ አሰሚና።»

ጉንዳን ሦስትን ተጫነች። መብራቷ ከግራ ወደ ቀኝ ሮጠች፤ ተመልሳ ሮጠች። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የቲቸር ጫማ ብቻ ነበር።

«ተነቅሎ ይሆናል፣» አለ አንድ ልጅ።

ጉንዳን ሽቦውን ነካ ነካ አደረገች። ሌላ ኪስ ተጫነች፤ ዱም ታ አለ። ወደ ሦስት ተመለሰች። ጭጭ። ፊሽካ ወለሉን አየች። ወለሉ ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም፤ ቢሆንም በጣም አየችው።

«ሴቭ አላደረግኩትም ማለት ነው፣» አለች ጉንዳን ቀስ ብላ፣ ጣቶቿን የሌላ ሰው ጣቶች ይመስል እየተመለከተች።

«ስንቴ ልንገራችሁ?» አሉ ቲቸር። «ማሽን ይሉኝታ የለውም፤ ሴቭ ካላላችሁት ረሳኋችሁ ነው የሚላችሁ!»

«ይቅርታ ቲቸር። የኔ ጥፋት ነው።»

ይኼኔ ፊሽካ ዝም ብትል እንኳ ግማሽ ኃጢአት ነበር። አፏ ግን መቼ ዝም ብሎ ያውቃል? «ያጋጥማል አቦ፣» አለች የጉንዳንን ትከሻ መታ መታ አድርጋ። «እኔም አንዴ እንደዚህ ረስቼ አልቅሻለሁ።»

ጉንዳን ቀና ብላ ፈገግ አለችላት። «እውነት? አንቺም?»

«ሙች ስልሽ።»

ከዚያ ተራው የፊሽካ ሆነ። ሰባትን ተጫነች። ያ ጥላ ክፍሉን ሞላው። ቲቸር ወደፊት ጠጋ አሉ።

«ቆይ፣ ቆይ። ይኼ ዜማ ከከበሮው ያጥራል አይደል? ማነው ያሳየሽ?»

«እንዲሁ… መጣልኝ፣» አለች ፊሽካ።

ጉንዳን እዚያው ተቀምጣለች። የዘዴው ባለቤት፣ ሁሉን ነገር ቁጭ አድርጋ ያስተማረቻት። «እኔ ነኝ» ማለት ትችል ነበር። እሷ ግን ከሁሉ ቀድማ አጨበጨበች። «ያዝሽው!» አለቻት ጆሮዋ ላይ። «ያን ቀን ሳሳይሽ የማትሰሚ መስሎኝ ነበር እኮ!»

ሰው በእፍረት የሚሞት ቢሆን ፊሽካ ሰኞ ተቀብራ ሐሙስ ሰው ይረሳት ነበር።

ቲቸር የመረጡት ፊሽካን ነው፤ እናቷ ደግሞ ነገሩን አባሰችው። ማክሰኞ በሩ ላይ «አርብ ከሰዓት ዝግ ነው» የሚል ወረቀት ለጠፈች። ፀጉር ቤቱ በአምስት ዓመት ውስጥ የተዘጋው እናቷ በታመመች ጊዜ ብቻ ነው፤ ያኔም ግማሽ ቀን። አሁን ለገባው ደንበኛ ሁሉ ምክንያቱን ታወራለች።

«ልጄ ልትጫወት ነው። ሙዚቃ! ራሷ የሠራችውን!»

«ራሷ?» አሉ መስታወቱ ፊት የተቀመጡት ሴትዮ፣ ራሳቸው በጥቅልል ተሞልቶ። «ይቺ መጥረጊያ የያዘችው?»

«ታዲያ ማን ይሥራላት እትዬ? ቅዳሜ ምሳ ሳትበላ ከዚያች ሳጥን ጋር ስትታገል ዋለች። እኔ ደግሞ ቆሻሻ አልደፋሽም ብዬ ስጮህባት! አይ እናት መሆን።» እናቷ ዞር ብላ በመስታወቱ ውስጥ አየቻት። ዐይኗ እርጥብ ነበር። «ኮርቼብሻለሁ እሺ? አሁን ግን ጥጉን ደህና አድርገሽ ጥረጊ።»

ፊሽካ ጥጉን ጠረገች። ከዚያ ምንም ፀጉር የሌለበትን ጥግ ጠረገች። እንባዋን ያየ ሰው የፀጉር ቀለሙ ሽታ ነው እንዲል ቀለም ከሚበጠበጥበት ሳህን አጠገብ ቆየች።

ሐሙስ ልምምድ ሆነ። ቲቸር ታች መምህራን ክፍል የነገውን ፕሮግራም እያተሙ ስለነበር በክበቡ ክፍል ውስጥ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ጉንዳን የመጣችው ልትረዳት ነው፤ የፊሽካን ከበሮ ዝቅ፣ ዜማውን ከፍ አድርጋ አስተካከለችላት። «እንዲህ ከሆነ ኋላ የሚቀመጡትም ይሰሙሻል፣» አለች። ከጨረሰች በኋላ ወደ ሦስተኛው ኪስ ሄደች። አዲስ ነገር ጀምራለች፤ አራት ድምፅ ብቻ።

አንድ ቁልፍ ተጫነች፣ ሴቭ አደረገች። ደብተሯን ገልጣ ምልክት አደረገች። ሌላ ቁልፍ ተጫነች፣ ሴቭ፣ ምልክት። ከዚያ ሳጥኗን አጠፋቻት፤ አበራቻት፤ አለ የለም ብላ ሰማች። እንደገና አጠፋቻት። ፊሽካ ደብተሩን አየችው። ገጹ በትናንሽ ምልክቶች ጥቁር ብሏል። ያቺ ዐይኗን ጨፍና በጣቶቿ ስትጫወት የነበረች ልጅ አሁን እንደ ዘበኛ ጣቶቿን ትጠብቃለች።

«ፊሽካ፣» አለች ጉንዳን ቀና ሳትል። «አንዴ እይኝ እስኪ። በራሴ አላምንም። አሁን ሴቭ አደረግኩት አይደል?»

«አድርገሻል።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

ፊሽካ የምትለው አጥታ አታውቅም። አሁንም አፏ ውስጥ አስር ቀልድ ተሰልፎ ነበር፤ አንዱ ቀድሞ ቢወጣ ነገሩ ያልፋል፣ አርብ ይመጣል፣ ያልቃል። ዋጠቻቸው።

«የዚያን ጊዜም አድርገሽ ነበር፣» አለች።

የጉንዳን ጣት ቁልፉ ላይ ቀረ። «የቱን ጊዜ?»

«ቅዳሜ ጠዋት ሰምቼዋለሁ። ሙሉውን። እዚያው ነበር።» ሰባተኛውን ኪስ በጣቷ አሳየች። «ወደ ኪሴ ኮፒ ላደርገው… ልወስደው ነበር። የኔ ነው ልል። ቅደም ተከተሉን ገልብጬ ባዶውን ያንቺ ላይ ደፋሁት። አንቺ አልረሳሽም። አንቺ ምንም አላጠፋሽም።»

ጉንዳን ደብተሯን አየች፣ ምልክቶቹን አየች፣ ከዚያ ፊሽካን።

«ሰኞ ‹ያጋጥማል› ስትዪኝ ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ሙች ስትዪኝ?»

«አዎ።»

ጉንዳን ራሷን ነቀነቀች፤ እሺ ማለቷ አልነበረም። የጆሮ ማዳመጫውን አነሣችና አጠለቀችው። ወንበሯን አዙራ ጀርባዋን ሰጠቻት። ትንሽ ቆይቶ ጣቶቿ ሲንቀሳቀሱ ፊሽካ አየች። ሴቭ እያደረገች አልነበረም፤ ዝም ብላ እየተጫወተች ነበር።

ፊሽካ ይቅር ተብላ ይሁን አይሁን አልጠየቀችም። መጠየቅ የሚገባት መስሎ አልተሰማትም።

ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። ከታች ማተሚያው ሲንኳኳ ይሰማል፤ ቲቸር አሁንም ወረቀቱን አትመው አልጨረሱም፣ ስሟም ገና ከዚያ ላይ ሊሰረዝ ይችላል። ደረጃውን መውረድ ጀመረች። ለቲቸር የምትነግራቸውን በሆዷ ደረደረችው፤ ስታሳጥረውም ስታስረዝመውም ያው አስቀያሚ ነው። ከቲቸር ቀጥሎ ደግሞ እናቷ አለች፤ ያ ወረቀትም በሩ ላይ እንደተለጠፈ ነው።

ዛሬውኑ ትነግራታለች። መቀሱን ከእጇ እስክታስቀምጥ ግን ትጠብቃለች።