ግንድ የሚይዝ፣ ጉቶ የሚነቅል

ወንድምና እህቱ የሚተዳደሩት በአንድ ሎደር ነው። ቤት የሚሠራ፣ ትምህርት ቤት የሚያሰፋ፣ መንገድ የሚከፍት ሁሉ ዛፉ ከተቆረጠ በኋላ ግንዱን የሚያነሣለትና ጉቶውን የሚነቅልለት ሲፈልግ እነሱን ይጠራል። ታላቅየው ሥራውን ይዋዋላል፣ ሠራተኛ ያሰማራል፤ ስለዚህ ሰዉ «አለቃ» ይለዋል። ታናሽ እህቱ ሎደሩን ትነዳለች። ለእሷ የወጣላት ስም ግን «እመት ለምን» ነው።

ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣላትም። የሞተሩ ድምፅ ትንሽ ከተለወጠ «ለምን?» ትላለች። አንደኛው ጎማ ከሌላው ቀድሞ ካለቀ «ለምን?» ትላለች። ሌላው ሰው በምሳ ሰዓት ጥላ ፈልጎ ጋደም ሲል እሷ ጋቢና ውስጥ ቁጭ ብላ የሎደሩን መመሪያ መጽሐፍ ታገላብጣለች። ወንድሟ፣ «አንቺ ልጅ፣ ይህን መጽሐፍ ልታገቢው ነው እንዴ?» እያለ ይቀልድባታል። እሷም ትስቃለች፤ ስቃ ስታበቃ ግን ሌላ ጥያቄ ታመጣለች።

ከጥያቄዎቿ አንዱ ለብዙ ጊዜ መልስ አጥቶ ቆይቷል። ሎደሩ ከተገዛ ጀምሮ ክንዱ ላይ የተገጠመው ያው አሸዋና አፈር የሚዛቅበት ሰፊ ባኬት ነው። ግንድ የሚነሣው በእሱ፣ ጉቶም የሚነቀለው በእሱ ነበር። ሠራተኞች ግንዱን አንከባለው ባኬቱ ላይ ያወጡታል፤ በሰንሰለት ይታሰራል፤ ከዚያ ሎደሩ ሲንቀሳቀስ አንድ ሰው ከጎኑ እየተራመደ በእጁ ደገፍ ያደርገዋል። ይህ ሰው አባ ሰንሰለት ነበሩ። ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ከወንድምና እህቱ አባት ጊዜ ጀምሮ ሰንሰለት ሲያስሩ የኖሩ፣ ቃል ከአፋቸው በግድ የሚወጣ ሰው ናቸው።

አንድ ቀን እመት ለምን ሞተሩን አጥፍታ ወረደች።

«ጋሼ፣ ግንዱ ቢንሸራተት እኮ አባ ሰንሰለት በእጃቸው አያቆሙትም። ታዲያ ለምን ከጎኑ ይሄዳሉ?»

«እንዳይንሸራተት ነዋ!»

«ቢንሸራተትስ?»

«አይንሸራተትም። ሃያ ዓመት እንዲህ ሠርተናል። ምን ሆንን?»

«ለግንድና ለጉቶ ተብሎ የተሠራ ዕቃ አለ እኮ። መጽሐፉ ላይ ሥዕሉን አይቻለሁ። ግንዱን በመንጋጋ ነክሶ የሚይዝ...»

«ባኬት አለን፣ ሰንሰለት አለን፣ ሰው አለን። ሌላው ቅንጦት ነው።» ዞር አለና ጮክ ብሎ ተጣራ። «አባ ሰንሰለት! ና፣ ያዘው እንጂ፤ ምን ቆመህ ታያለህ?»

ሽማግሌው መጥተው ያዙት። እሷም ወደ ጋቢናዋ ተመለሰች። እውነቱን እንናገር ካልን ነገሩን አልገፋችበትም። ብዙዎቻችን እንዲህ ነን፤ ጥያቄያችን ትክክል መሆኑን እያወቅን፣ የሚቆጣ ሰው ሲመጣብን እናጥፈዋለን።

ነገሩ የደረሰው በዝናብ ማግስት ነው። ከአንድ ጤና ጣቢያ ጀርባ ለተጨማሪ ክፍሎች የሚሆን ቦታ ይመነጥሩ ነበር። ጠዋት አንድ ትልቅ ጉቶ ነቅለዋል። ሰፊው ባኬት ሥር መቁረጥ ስለማይሆንለት ዙሪያውን አፈር ሲዝቅ፣ ሲገፋ፣ ሲያንገጫግጭ አረፈደና ጉቶው ሲወጣ መኪና የሚውጥ ጉድጓድ ትቶ ቀረ። አፈሩን መልሰው ሞሉትና ወደ ግንዱ ዞሩ። ከሰዓት በኋላ እመት ለምን ግንድ ይዛ በዚያው ስታልፍ የተሞላው አፈር ከፊት ጎማዋ ሥር ሰመጠ። ሎደሩ ወደ ጎን ዘመም አለ። ቅርፊቱ የተላጠው እርጥብ ግንድ ከሰንሰለቱ ውስጥ እንደ ሳሙና ሙልጭ ብሎ ወጣ።

«ይሽሹ!» ብላ ጮኸች።

አባ ሰንሰለት አንድ እግራቸውን አሸሹ። ሁለተኛው አልደረሰላቸውም።

ጤና ጣቢያው ቅርብ መሆኑ በጀ። ደሙን አቁመው ወደ ሆስፒታል ላኳቸው። ቅልጥማቸው ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበርና በቀዶ ሕክምና ብረት ገባላቸው።

እመት ለምን ሦስት ቀን ሎደሩ ላይ አልወጣችም። «መሪው ላይ የነበረው የእኔ እጅ ነው» ትላለች። በአራተኛው ቀን ጠዋት ወንድሟ በሯን አንኳኳ። ፊቱ ገርጥቷል፣ ጺሙን አልተላጨም።

«ተነሺ፤ ያን መንጋጋ ያለውን ዕቃ ልንገዛ ነው። ካለው ሁሉ ትልቁን።»

«ለምን ትልቁን?»

«አሁንም ለምን?» ብሎ ጮኸ፤ ወዲያው ድምፁ ሰበር አለ። «ትልቁ ጠበቅ አድርጎ ይይዘዋላ! ሁለተኛ ሰው ላይ እንዳይወድቅ።»

ሎደሩን ነድተው ዕቃው ወደሚሸጥበት ግቢ ሄዱ። እመት ለምን ከበሩ እንደገባች ሐዘኗን ለአፍታ ረሳችው። ክንድ ላይ የሚገጠመው ብረት ሁሉ በመደዳ ተደርድሯል። አንዱ እንደ ሹካ ሁለት ረጃጅም ጣቶች አሉት። አንዱ ከላይና ከታች መንጋጋ አለው። ሌላው ባኬት ነው፣ ግን ጠባብና ረጅም፤ አፉ ላይ ብቻ ሳይሆን ጎንና ጎኑም ጥርስ አለው። እየዞረች ነካካች፣ ጥርሶቹን በስንዝሯ ለካች፣ ጎንበስ ብላ ከሥር አየች።

«ሹካው ጉቶ ይነቅላል?» ስትል ሻጩን ጠየቀችው።

«ደረቅ ሜዳ ላይ ግንድ ለመደርደር ጎበዝ ነው። ጉቶ ውስጥ ብትከችው ግን ጣቱ ይጣመማል።»

«ይህ ባለ መንጋጋውስ?»

«ግንድ እንደ ጉጠት ነክሶ ይይዛል። መሬት አይቆፍርም።»

«ጠባቡስ?»

«ጉቶ ይነቅላል። ግንድ ግን ከላዩ ይንከባለላል፤ ከላይ የሚጫነው የለውም።»

አለቃ ትዕግሥቱ አለቀ። ትልቁን መንጋጋ በእጁ መታ መታ አደረገና፣ «ይህን ነው የምፈልገው» አለ።

«ሎደራችሁ ስንት ኪሎ ያነሣል?» አለ ሻጩ።

«ብዙ ያነሣል።»

እህቱ ግን ከመጽሐፉ ታውቀው ነበርና ቁጥሩን ነገረችው። ሻጩ ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያውስ የዕቃው ክብደት ከዚያ ላይ ይቀነሳል። ክንዱ ከግንዱ በፊት የሚሸከመው ዕቃውን ነው። ይህ ደግሞ ብቻውን የምታነሡትን ግማሽ ይበላባችኋል።»

አለቃ አላመነም። «ግጠሙትና እንየው» አለ። ገጠሙት። እመት ለምን ወጣች። ግቢው ጥግ ለሙከራ የተቀመጠ ግንድ ነበር። ሻጩ ሁሉንም ሰው አርቆ አቆመና ምልክት ሰጣት። መንጋጋው ግንዱን ጨበጠ፣ ክንዱ ገና ከመሬት ከፍ ሲል የኋላ ጎማዎቹ አንድ ስንዝር ያህል አየር ላይ ቀሩ። ሎደሩ በአፍንጫው ሊደፋ ሆነ።

«አውርጂው! በቃ፣ ቀስ ብለሽ አውርጂው!» አለ አለቃ። ጎማዎቹ መሬት ነኩ። አንድ ሰው ሆስፒታል አስተኝቶ እህቱን ሊደግም ምንም አልቀረውም።

እሷም ወርዳ ከጎኑ ቆመች። ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቀው እሱ ነበር። «እና ምን እናድርግ?»

«የምናነሣውን ግንድና የምንነቅለውን ጉቶ ከእኔም ከአንተም የበለጠ የሚያውቅ ሰው አለ። እሳቸውን ጠይቀናቸው እናውቃለን?»

አባ ሰንሰለት ሆስፒታል ውስጥ በመስኮት አጠገብ ባለ አልጋ ላይ እግራቸው ከፍ ብሎ ተኝተው ነበር። አለቃ ወንበር ቢሰጠውም አልተቀመጠም። ቆይቶ፣ «እርስዎ እንዴት ዋሉ?» አለ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ከጣሪያው ላይ አነሡና አዩት። በዚህ ሁሉ ዓመት «አንተ» ሲላቸው ነው የኖረው።

እመት ለምን የዕቃዎቹን ሥዕል በወረቀት ሣለችላቸውና ያየችውን ነገረቻቸው። እሳቸውም ወረቀቱን ደረታቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ጉቶ ከታች የያዘው ይመስላችኋል፤ ግን አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «እኛ በምንሠራበት መሬት የሚይዘው በጎን በተዘረጉት ሥሮች ነው። እነሱ ዙሪያውን ከተበጠሱ ራሱ ይለቃል። ሰፊው ባኬት ሥሩን አይቆርጥም፤ ይገፋዋል። ለዚህ ነው ያን ሁሉ ጉድጓድ የምንቆፍረው። ይህ ጠባቡ፣ ጎኑ ጥርስ ያለው፣ ሥር ይበጥሳል።»

«ግንዱስ?» አለ አለቃ።

«ግንዱ ትልቅ መንጋጋ አይፈልግም። ከአሥር ግንድ ዘጠኙን አንድ ሰው በክንዱ ያቅፈዋል። አሥረኛውን ሁለት ላይ ቆርጦ ማንሣት ነው። ብቻ ከላይ የሚጫነው ነገር ይኑር። ሰው ግን አይሁን።»

አለቃ ከፍ ብሎ የተቀመጠውን እግራቸውን አየ።

«ይህን ሁሉ እያወቁ ለምን አልነገሩኝም?» አለ አለቃ።

«መቼ ጠየቅኸኝ?»

አለቃ ያን ጊዜ ተቀመጠ። ወንበሩ ላይ አይደለም፣ አልጋው ጠርዝ ላይ። የሽማግሌውን እጅ ያዘ፤ ያለቀሰ እንደሆነ እህቱ አላየችም፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበርና።

በማግስቱ ወደ ግቢው ተመልሰው ለሻጩ የሚፈልጉትን ነገሩት፤ ጠባብና ረጅም፣ ጎኑ ባለ ጥርስ፣ ከላይ ደግሞ ግንድ የሚጫን አንድ ክንድ ያለው፣ ክብደቱም ለሎደራቸው የሚሆን። ሻጩ ከመጋዘኑ ጀርባ ወስዶ አቧራ የጠጣ አንድ ዕቃ አሳያቸው። «ሰዉ ሲያየው ትንሽ ነው እያለ ይተወዋል» አለ። ከመግዛታቸው በፊት ግንድ አንሥተውበት የኋላ ጎማውን አዩ፤ ንቅንቅ አላለም። አንድ አሮጌ ጉቶም ሞከሩበት። ጥርሶቹ ዙሪያውን ሥሩን ሲበጥሱ ድምፁ ይሰማ ነበር፤ ጉቶው ሲወጣ የቀረው ጉድጓድ ከልብስ ማጠቢያ ገንዳ አይበልጥም። እመት ለምን እንደ ልጅ ሳቀች።

ዕቃው ተአምር አልሠራም። ድንጋያማ መሬት ላይ ይዘገያል፤ ወፍራሙን ግንድ ሁለት ላይ መቁረጥም ጊዜ ይወስዳል። ነገር ግን ከግንዱ ጎን የሚራመድ ሰው አላስፈለገም።

አባ ሰንሰለት ከወራት በኋላ በከዘራ ተመለሱ። እግራቸው እንደ ድሮው አልሆነም፤ አይሆንምም። አሁን ሥራቸው ፊሽካ ይዘው መቆም ነው። ሎደሩ በሚሠራበት ዙሪያ በኖራ መስመር ያሰምራሉ፤ ክንዱ ከፍ ካለ ማንም ያን መስመር አያልፍም።

አንባቢዎቼ፣ ግንድ የማታነሡም ብትሆኑ ይህ ነገር ይመለከታችኋል። ዕቃ ስንመርጥ በእጃችን ስላለ ብቻ አንያዘው፤ ትልቅ ስለሆነ ብቻም አንግዛው። ሥራው ምን እንደሚጠይቅ፣ መኪናው ምን እንደሚችል አስቀድመን እንመርምር። ከሁሉም በላይ ለአደጋው የሚቀርበውን ሰው እንጠይቅ። እሱ የሚያውቀውን የመመሪያ መጽሐፍም፣ ሻጭም አያውቀውም።

ባለፈው ሰሞን አንድ አሠሪ ሥራውን ሊያይ መጣ። አለቃ ጉቶዎቹን ሊያሳየው በጨዋታ ተይዞ መስመሩን አለፈ። ፊሽካው ጮኸ። እመት ለምን ወዲያው ክንዱን አቆመችው። ሠራተኛው ሁሉ ዞሮ አየ፤ በእንግዳ ፊት አለቃ ላይ ፊሽካ ተነፍቶ አያውቅም።

አለቃ እግሩ ሥር ያለውን ኖራ አየ። ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ፣ እንግዳውንም በክንዱ ይዞ አብሮ አራቀው።

«ይቅርታ አባቴ» አለ ጮክ ብሎ። «ጥፋቱ የእኔ ነው።»

አባ ሰንሰለት ግራና ቀኙን አዩ፤ መስመሩ ውስጥ ማንም የለም። ከዚያ ከዘራቸውን ወደ ላይ አነሡና ለሎደሩ ምልክት ሰጡት።