የጀሊል ብልቃጥ

ሰቢሪና ክንዷን እስከ ብብቷ ፍሪጁ ውስጥ ከትታ በበረዶ ከረጢቶቹ መሃል ትዳብሳለች። እናቷ ከሱቁ ጓዳ ዙሁር እየሰገደች ነው። ሶላቷ አይረዝምም፤ የሚረዝመው ዱዓዋ ነው፣ በተለይ ስለ ሰቢሪና ስትለምን። እሱ እስኪያልቅ ጊዜ አለ።

ጣቷ የወተት ዱቄቱን ቆርቆሮ አገኘ። ክዳኑን ከፍታ ጥጡን ገለጠችና ብልቃጧን አወጣች። ከትንሽ ጣቷ ጫፍ አትበልጥም። ፍሪጁ ውስጥ ያለው ሁሉ፣ ለገበያተኛ የሚሸጠው ውሃም ጁሱም፣ ድንጋይ ሆኗል። ብልቃጧ ውስጥ ያለችው ጠብታ ግን አልረጋችም፤ ስታዘነብላት ወደ ጎን ፈሰስ አለች። ተራ ነገር ቢሆን ኖሮ እንደ ሌላው ይረጋ አልነበር?

ብልቃጧን ያመጣት የእናቷ ታናሽ ወንድም ጀሊል ነው። ጀሊል ዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠራል። ይህች ዕቃ ከውጭ አገር እስክትመጣ ሰባት ወር ተጠብቃለች፤ ከአዲስ አበባ እስከ ሮቤ ደግሞ ጀሊል ራሱ የበረዶ ሣጥኗን እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ በአውቶቡስ አምጥቷታል። ችግሩ መብራት በፈረቃ መሆኑ ነው። የዩኒቨርሲቲው ሰፈር ሲጠፋ የገበያው ሰፈር ይበራል። ስለዚህ ጀሊል መብራት በጠፋ ቁጥር ብልቃጧን ይዞ በባጃጅ ወደ እህቱ ሱቅ ይከንፋል፤ መብራቱ ሲመለስ ደግሞ መጥቶ ይወስዳታል። የገበያው ሰው ባየው ቁጥር «የጀሊል ሙሽራ መጣች» እያለ ይስቅበታል።

መጀመሪያ ባመጣት ቀን እናቷ «ደግሞ ምን አመጣህብኝ?» ስትለው ሰቢሪና እዚያው ነበረች።

«አንቲቦዲ ይባላል» አለ ጀሊል። «ቆዳ ላይ ቀለም የሚያሠራውን ነገር ፈልጎ የሚይዝ ነው። ግሊሰሪን ስላለበት በረዶ ውስጥም አይረጋም፤ ብቻ እንዳይሞቅብኝ፣ ማሎ፣ እባክሽ። ሌላ ጣጣ የለውም።»

ሰቢሪና ከዚህ ሁሉ የሰማችው «ቆዳ» እና «ቀለም» የሚሉትን ሁለት ቃላት ነው። የቀረው በጆሮዋ አልገባም።

ከሁለት ዓመት በፊት ከከንፈሯ ጥግ ሽምብራ የምታህል ነጭ ነጥብ ወጣች። ዛሬ ለምጹ አፏን ከቦ አገጯ ደርሷል፤ የግራ እጇን ሦስት ጣቶችም ይዟል። ጎባ ድረስ ሄዳ ቅባት ታዞላታል። እናቷም ከድሬ ሼክ ሁሴን ተመላሾች ጀዋራ አስመጥታ፣ ያንን የተባረከ ነጭ አፈር ጠዋት ማታ ቀብታታለች። ነጩ አፈር ነጩ ቆዳ ላይ ሲደርቅ ካየችው ቀን ጀምሮ ሰቢሪና መስታወት ማየት ተወች። ትምህርት ቤት «ወተቴ» የሚል ስም ወጣላት፤ ወተት ጠጥታ አፏን ያልጠረገች ትመስላለች ለማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሻሿን እስከ አፍንጫዋ ስባ ነው የምትውለው። የናፈቃት ትልቅ ነገር አይደለም። አፏን ሳትሸፍን መሳቅ ናፍቋታል። የድሮ ፊቷ፣ ዝም ብሎ ከሰው ጋር የሚቀላቀለው ፊቷ፣ ሩቅ አገር እንደ ሄደ ዘመድ ናፍቋታል።

የዛሬውን ችኮላ ያመጣው ፎቶ ነው። የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ምዝገባ ነገ ይዘጋል። ፎቶ ያላመጣ አይመዘገብም፤ ፊቱን ተሸፍኖ የተነሣ ደግሞ እንዳልተነሣ ይቆጠራል። ሰቢሪና ለአስተማሪዋም ለጓደኛዋ ለምኞትም «ማሜ ፎቶ ቤት ተነሥቻለሁ፣ አላተመልኝም እንጂ» እያለች ሁለት ሳምንት አሳልፋለች። ዛሬ ጠዋት ምኞት የትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀቻት።

«ማሜን ጠየቅኩት» አለቻት። «ሰቢሪና የምትባል አላነሣሁም አለኝ። እኔን እንኳ ትሸውጂኛለሽ?»

ምኞት ይህን ብላ ጥላት ገባች።

አሁን ብልቃጧን ወደ ብርሃኑ አስጠግታ በእንግሊዝኛ የተጻፈባትን ደቃቅ ጽሑፍ አነበበች። ለምርምር ብቻ፣ ለሰው ሕክምና አይውልም ይላል። ደግማ አነበበችው። የመድኃኒት ወረቀት መቼም ማስፈራራት ይወዳል፤ የጎባው ቅባት ላይስ ስንት ነገር ተጽፎ አልነበር? አንዲት ጠብታ ብቻ፣ ከንፈሯ ጥግ፣ የጀመረበት ቦታ ላይ። አንዲት ጠብታ ብትጎድል ማን ያውቃል? በአውራ ጣቷ ክዳኗን መግፋት ጀመረች።

«ሰቢሪና፣ ማል ጎታ? ምን እያደረግሽ ነው?»

ጀሊል የበረዶ ሣጥኑን አንጠልጥሎ የሱቁ ደፍ ላይ ቆሟል። ዓይኑ እጇ ላይ ነው።

«ሣጥኑ ውስጥ አስገቢያት» አለ ቀስ ብሎ። «መጀመሪያ እሷ። ወሬው ይደርሳል።»

አስገባቻት።

«ከፍተሻታል?»

«ልከፍት ነበር።» ሰቢሪና አንገቷን ደፋች። «ኤሱማ፣ አጎቴ፣ ለፊቴ ነው። አንድ ጠብታ ብቻ ልቀባ ብዬ ነው።»

ጀሊል ቁጣ የማያውቅ ሰው አይደለም። ዕቃ የሰበረበትን ተማሪ ሳምንት ሙሉ ያኮርፋል። አሁን ግን ሣጥኑን መሬት አስቀምጦ ግንባሩን አሸ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። «ወር ሙሉ በፊትሽ ሳመላልሳት አንድ ቀን እንኳ ምን እንደሆነች አላስረዳሁሽም። ነይ፣ መብራቱ እኛ ጋ መጥቷል።» ከዚያ ሰቢሪናን ይዟት እንደሚሄድ ለእህቱ ወደ ጓዳው ተጣርቶ ነገራት።

ባጃጁ በጋሪዎቹ መሃል እየተሹለከለከ ሲሄድ ሣጥኑ የሰቢሪና ጉልበት ላይ ነበር። ጀሊል ራሱ ነው ያስያዛት። እስኪደርሱ ድረስ በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ይዛው ነበር።

ብልቃጧ የመጣችለት ጥናት የመምህርት ወለተኢየሱስ ነው፤ ላቦራቶሪው ውስጥ አገኟት። ጀሊል የሆነውን ሁሉ፣ አንድም ሳያስቀር፣ ሰቢሪና ፊት ነገራት። ሰቢሪና መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ወለተኢየሱስ አልተቆጣችም፤ ወንበር ሳበችላትና አጉሊ መነጽሩን አስተካከለችላት።

«ይህ የዲንሾ በግ ቆዳ ነው። ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ነጭ የሆነ በግ። እዪው እስቲ።»

ሰቢሪና ዓይኗን አስጠጋች። በአንድ በኩል ቡናማ ነጠብጣቦች እዚህም እዚያም ይታያሉ። በሌላ በኩል ምንም የለም።

«ቀለም የሚሠሩት ሴሎች ‹ሥሩ› የሚለውን ትእዛዝ የሚቀበሉበት ነገር አላቸው» አለች ወለተኢየሱስ። «ተቀባይ እንለዋለን። በዓይን አይታይም። አንቲቦዲው እሱን ብቻ መርጦ ይለጠፍበታል፤ እኛ ደግሞ አንቲቦዲው ያረፈበትን ቡናማ እናቀልመዋለን። ያኔ የት እንዳለ እናያለን።»

«ነጩንስ ጥቁር ያደርገዋል?»

«አያደርገውም። ያለውን ያሳያል እንጂ የሌለውን አይተክልም።»

ሰቢሪና ከመነጽሩ ቀና አላለችም። የምታየው ባዶውን ጎን ነበር።

«የእኔም እንደዚህ ባዶ ነው?»

«አላውቅም፤ የተፈቀደልኝ ለበግ ብቻ ነው» አለች ወለተኢየሱስ። «እውነቱን ልንገርሽ፣ የበጉም ቢሆን ለምን እንደዚህ እንደሆነ ገና አልገባኝም። እሱን ለማወቅ ነው ጠብታዋን የምሳሳላት። ብትቀቢያት ኖሮ አንቺንም አትጠቅምሽም፣ እኔም የሦስት በግ ውጤት አጣ ነበር።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ሰቢሪና። ወር ሙሉ በዚያ ፍሪጅ አጠገብ ባለፈች ቁጥር ልቧን የሚያሞቀው ነገር አሁን የለም። አለቀሰች። ማንም ዝም በይ አላላትም፤ ጀሊልም ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ እስኪወጣላት ጠበቃት።

እንባዋን በሻሿ ጠርጋ ስትጨርስ «በጉስ?» አለች። «ደህና ነው?»

«እሱ?» ጀሊል ሳቀ። «ከመንጋው ቀድሞ የሰው ገብስ ውስጥ የሚገባው እሱ ነው። ባለቤቱም ከሩቅ በመልኩ ይለየዋል፤ ጠፍቶበት አያውቅም።»

አመሻሹ ላይ ማሜ ፎቶ ቤት ስትደርስ፣ ማሜ ጄኔሬተሩን አጥፍቶ ሊዘጋ ነበር። ሰቢሪና በርጩማው ላይ ተቀምጣ ሻሿን ከአገጯ በታች አወረደች። ማሜ አየት አድርጓት አነሣት። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅሮ ማውሱን ጠቅ ጠቅ አደረገና ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረው።

«ይኸው። ለሁሉም የማደርገው ነው፣ ቡግርም ጠባሳም ላለበት። አራቱንም እንዲህ ላትመው?»

ለምጹ የለም። ሁለት ዓመት የናፈቃት ፊት ከስክሪኑ ላይ ያያታል። ግን ያንን ፊት መጨረሻ ያየችው በአሥራ አራት ዓመቷ ነበር፤ ይህቺ ደግሞ አሥራ ስድስት ሞልቷታል፣ አድጋለች፣ ጉንጯ ቀጥኗል። ሰቢሪና ይህቺን ልጅ አይታት አታውቅም። ቆንጆ ናት። ብዙ ቆይታ አየቻት። ማሜ ሰዓቱን ሁለት ጊዜ ተመለከተ።

«መልሰው» አለች።

«ምኑን?»

«የመጀመሪያውን። ለፈተናው አራቱንም የመጀመሪያውን አትምልኝ።»

ማሜ ትከሻውን ሰብቆ መለሰው። «ይህቺንስ ላጥፋት?»

«አታጥፋት» አለች ሰቢሪና። «አንዲት አትምልኝ። ለእኔ ናት።»

«ቀለማቸው አልደረቀም፣ ጠርዝ ጠርዛቸውን ያዢ» ብሎ ሰጣት። አራቱን በቀኝ እጇ፣ አንዷን በግራ እጇ ይዛ ወጣች። ከተራራው በኩል የሚመጣው ንፋስ ሻሿን ሳበና አንገቷ ላይ ጣለው። ለማንሣት ፎቶዎቹን እላይ በላይ መደረብ ነበረባት። አልደረበቻቸውም። ሁለት እጇን ከፊቷ ዘርግታ ወደ ምኞት ቤት የሚወስደውን መንገድ ያዘች።