በ"ው" የተጻፈው መልስ

ይህን የምጽፍላችሁ ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም። ለማስፈራራትም አቅም ያስፈልጋል፤ እኔ ደክሞኛል።

ግን የሆነ ነገር ነው። በእኔው ላይ። ባለፈው እሁድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ፀሐይ በመስኮት እየገባች...

ሌሊት ቢሆን ኖሮ ሕልም ነው ብዬ እተወው ነበር።

በሥራ ቀን የአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮችን እጠግናለሁ። በተረፈኝ ሰዓት ደግሞ ለዓመታት ፕሮግራም ስሠራ ኖሬያለሁ። በነጻ። የቀን መቁጠሪያ፣ የፎቶ ማሳነሻ፣ የመድኃኒት ሰዓት አስታዋሽ፣ ለሕፃናት ፊደል ማስተማሪያ... ስንቱን። አንዳንዱንማ መሥራቴ ትዝ የሚለኝ ሰው ሲሰድበኝ ነው።

"ያንተ ነገር ስልኬን አበላሸው፤ ቶሎ አስተካክል" ይለኛል አንዱ። ሰላምታ የለ፣ ምስጋና የለ።

ባለቤቴ "ላም አለኝ በሰማይ" ትለኛለች። እውነቷን ነው።

ከሁሉም የምሳሳለት አንድ ነበር። ስሙ "አለሁ" ይባላል። ብቻውን ለሚኖር ሰው የሚሆን ነው። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩ "አለህ?" ብሎ ይጠይቃል። ሰውየው "አለሁ" ብሎ ይጽፋል። መልሱ ለቤተሰቡ ስልክ ይደርሳል። በቃ።

ሌላ ሰው አልፈለገውም። የተመዘገቡበት ሁለት ስሞች ብቻ ናቸው። አንዱ ጋሼ። ሌላው "ሙከራ"፤ ስሠራው ለመፈተሻ በራሴ ኮምፒውተር ላይ የከፈትኩት ባዶ ስም።

ጋሼ ታላቅ ወንድሜ ነው። አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው። ጡረታ የወጣ የቋንቋ መምህር ነው፤ ልቡን ያመዋል፤ ብቻውን ይኖራል። ከእኛ ጋር ኑር ስንለው "መጽሐፎቼን ማን ይጠብቃቸዋል?" ይላል።

ስለዚህ በየቀኑ ያችን አንዲት ቃል እጠብቃለሁ። ስትመጣ እፎይ እላለሁ። ከቀረች ጋሼ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው።

ቀርታ አታውቅም።

እሁድ ዕለት ከ"አለሁ" በቀር ሁሉንም ልዘጋ ቁጭ አልኩ። በቃኝ። መጀመሪያ ያጠፋሁት "አራሚ" የሚባለውን ነው። የፊደል ስህተት ያርማል። ብዙ ሰው "አለሁ" ለማለት "አለው" ብሎ ይጽፍ የለ? እንደዚያ ያለውን ሲያይ ድምፁን አጥፍቶ ያስተካክላል። በጥድፊያ ሌሎቹ ፕሮግራሞቼ ውስጥ ሁሉ፣ "አለሁ" ውስጥም ጭምር ሰክቼው ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

አጠፋሁት።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ስልኬ ጮኸ።

ጋሼ፦ "አለው"።

በ"ው"።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ ትዝ አለኝ።

ጋሼ እኮ የሠርጌን የጥሪ ካርድ በቀይ እስክሪብቶ አርሞ የመለሰልኝ ሰው ነው።

የድሮዎቹን መልሶች ከመታረማቸው በፊት እንደተጻፉት ከፍቼ አየሁ። አለሁ... አለሁ... አለሁ... እስከ ክረምቱ መግቢያ ድረስ ደህና ነው።

ከዚያ ወዲህ፦ አለው። አለው። አለው። እስከ ዛሬ።

ወዲያው ደወልኩ።

"ጋሼ፣ ደህና ነህ?"

"አለሁ። ምነው፣ ዛሬ ከየት ትዝ አልኩህ?"

"አሁን ኮምፒውተሩ ላይ ጽፈሃል?"

"የምን ኮምፒውተር? ዓይኔ ከደከመ ወዲህ መች ነካሁት! ገመዱን ነቅዬ የኋለኛው ክፍል ዘግቼበታለሁ። አንተም ዝም ስትል ፕሮግራሙን የተውከው መሰለኝ።"

"ታዲያ ማን ነው የሚመልስልኝ?"

ስልኩን ወደ አፉ ሲያስጠጋ ተሰማኝ።

ከዚያ በሹክሹክታ... "እኔ እኮ አይጥ ነው ብዬ ነበር።"

"ምኑ?"

"የሚንጣጣው።"

ባለቤቴ መኪናውን እንዴት እንደነዳች አላውቅም። ስንደርስ ጋሼ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀናል፤ በአንድ እግሩ ብቻ ጫማ አድርጓል። እሷን መኪናው ውስጥ ትተናት እኔና ጋሼ ገባን።

የኋለኛውን ክፍል ከፈትኩት።

ገመዱ ተጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ስክሪኑ ጨለማ ነው። ሁሉም ነገር አቧራ ለብሷል፤ ኪቦርዱም ጭምር።

ሦስት አራት ቁልፎች ብቻ ንጹሕ ናቸው። ያብረቀርቃሉ።

ወንበሩ ከጠረጴዛው ወጣ ብሏል። አንድ ሰው ተቀምጦ እንደሚመቸው ያህል።

"አንተ ነህ የሳብከው?" አልኩት በሹክሹክታ።

ጋሼ ራሱን ነቀነቀ። አይደለም።

ለምን እንዳደረግሁት እንጃ። ስልኬን አወጣሁና ጥያቄውን በእጄ ላክሁ። "አለህ?"

ጠበቅን...

ጠ። ጣ። ጠ። ጠ።

ቁልፎቹ ዓይናችን እያየ ወረዱ፤ ተመለሱ። ስልኬ ተንቀጠቀጠ።

"ምን ይላል?" አለኝ ጋሼ። ያለ መነጽር ማንበብ አይችልም።

"አለው ይላል።"

"በምን?"

"በ'ው'።"

ጋሼ ፊቱ አመድ መስሏል። ግን አርባ ዓመት ሙሉ ደብተር ሲያርም የኖረ ሰው ነው፤ አመሉ ከፍርሃቱ ቀደመው። ወደ ባዶው ወንበር ዞረና በዚያ በክፍል ድምፁ...

"ስህተት ነው" አለ። "ስለ ራስህ ከሆነ 'አለሁ' ነው። በ'ሁ'።"

ወንበሩ ትንሽ ተንቋቋ።

ክንዱን ይዤ እየጎተትኩ አወጣሁት። መጽሐፎቹንም፣ ሌላውን ጫማውንም ትተን መጣን።

የዚያኑ ዕለት ያለኝን ሁሉ ደመሰስሁ። የስንት ዓመት ድካሜን። "አለሁ"ንም ጭምር። ማልቀስ ሲገባኝ እንቅልፍ መጣብኝ፤ ያን ያህል ዝያለሁ። ደግነቱ ጋሼ እኛ ጋ ነው፤ የሚጠበቅ ቃል የለም፤ ባየው ጊዜ አለ።

በማግስቱ ከሥራ ቀረሁ። ከሰዓት በኋላ ጋሼ ሶፋው ላይ ጋደም ብሏል፤ እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ትንፋሹን አዳምጣለሁ። ባለቤቴ ሥራ ሄዳለች።

ጋሼ ዓይኑን ሳይከፍት፣

"አሁንም ትጽፋለህ? ተው እንጂ፣ ትንሽ እረፍ" አለኝ።

ሁለቱም እጆቼ ጉልበቴ ላይ ናቸው።

ከሥራ ክፍሌ፣ ከተዘጋው በር ጀርባ... ጠ። ጣ። ጠ።

ስልኬ ጮኸ። ከደመሰስሁት ፕሮግራም።

ላኪው ጋሼ አይደለም። "ሙከራ" ነው።

አራሚውን አጥፍቼዋለሁ። ማንም አላረመለትም።

"አለሁ" ይላል።

በ"ሁ"።